ጌጁ ከተሠራ በኋላ

ባለፈው ወር አንድ መምህር አሮጌ አውቶሞቢል እየነዳ አሶሳ መናኸሪያ ጀርባ ወዳለችው የሥራ ቦታዬ መጣ። ከመሃል አገር ተመድቦ የመጣ፣ በጭቃው ወቅት እንኳ ጫማው የማይቆሽሽ ሰው ነው። እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ የተማርኩት ሙያ አይደለም፤ መጀመሪያ የጎረቤት ሬዲዮ፣ ቀጥሎ የተቃጠለ ዲናሞ፣ ቀጥሎ የአባቴን መኪና እየፈታሁና እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። ስለዚህ ሰው ችግሩን ሲነግረኝ አላቋርጥም። የማላውቀው ነገር ሁልጊዜ ይኖራል።

«የነዳጁ ጌጅ ነው» አለ መምህሩ። «ባዶ ሆኖም ሙሉ ይላል።»

«መንገድ ላይ አቁሞዎት ያውቃል?»

«ሁለቴ። ሁለተኛው ባምባሲ መንገድ ላይ ነው። የማላውቀው ሰው ግቢ ገብቼ ለመንኩ። ነዳጅ አፈላልገው ሰጡኝ፣ ምሳ አበሉኝ፣ እስከ መኪናዬ ድረስ ሸኙኝ። እኔ ግን ሰው ማስቸገር አልወድም። ይህን ሥራልኝና ከእንግዲህ የማንንም ደጅ አልርገጥ።»

ክፉ ነገር አልተናገረም። እንዲያውም ጨዋ ሰው የሚናገረውን ነው የተናገረው። የኋላ ወንበሩን አንስቼ የሰልባትዮውን ክዳን ፈታሁ፤ እኛ የነዳጁን ታንከር ሰልባትዮ ነው የምንለው። የቤንዚን ሽታ ወጣ። የአባቴ መኪና በናፍጣ ትሄድ ስለነበር ሽታው አንድ አይደለም፤ ናፍጣ ከባድ ነው፣ ልብስ ላይ ያድራል። ቢሆንም ተንሳፋፊውን የያዘችውን ቀጭን ክንድ ስቤ ሳወጣት እጄ ቆመ።

«ምነው፣ ተሰብሯል?» አለኝ።

«አልተሰበረም» አልኩት።

አባቴ አሰፋ ከወሎ የመጣ ሰፋሪ ነው። በደርግ ጊዜ ገና ጎረምሳ ሳለ ከወላጆቹ ጋር ወደዚህ መጣ። እርሻውን ለታናሽ ወንድሙ ትቶ መነገድ የጀመረው እኔ ከተወለድኩ በኋላ ነው። ከአሶሳ ሳሙና፣ ስኳርና ሽንኩርት ጭኖ በሆሞሻ በኩል ወደ መንጌ ይወስዳል፤ ሲመለስ እንደ ወቅቱ ማንጎ ወይም ሰሊጥ ያመጣል። የሚነዳት ፒክአፕ ነጭ ናት ይባል ነበር፤ ነጭነቷ ግን ሊብሬው ላይ ብቻ ነው። ቀይ አፈሩ ቀለሟን በልቶት ነበር። የነዳጇ ቀስት ደግሞ ከመሃል ላይ ቆማ ቀርታለች። ስትሞላም መሃል፣ ስትደርቅም መሃል።

«ይህቺ ቀስት እንደ ሽማግሌ ናት» ይል ነበር አባቴ። «ወደ ማንም አታደላም።»

እኔ ሃያ ዓመት ሲሞላኝ አብሬው መጓዝ ጀመርኩ። በዚያው ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ መድረቅ በጀመረበት ሰሞን፣ ሆሞሻን አልፈን ትንሽ እንደሄድን መኪናዋ አነጠሰችና ቆመች። ናፍጣ መኪና ነዳጅ ሲያልቅባት መጥፎ ነው፤ ነዳጅ ስላገኘች ብቻ አትነሳም፣ በቱቦው የገባው አየር መጀመሪያ መውጣት አለበት። አባቴ መሪውን እንደያዘ ተቀመጠ። ከመንገዱ ዳር ካለው የቀርከሃ አጥር ውስጥ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ፣ ረጅምና ቀጭን ሰው ወጣና መኪናዋን ዞሮ አያት።

«ታመመ?» አለ።

«ነዳጅ አልቆባት ነው» አለ አባቴ። «ቀስቷ ግን ግማሽ ትላለች።»

ሰውየው በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ ቀስቷን አየ። «ሆድ ባዶ፣ ፊት ጠግቧል» አለ። «እንደዚህ ዓይነት ሰውም አለ። አብሽር። ግባ፣ ጥላ ግባ።»

አልሃዲ ይባል ነበር። የበርታ ተወላጅ ነው፤ ማሽላ ያርሳል፣ ከአጥሩ ኋላ የማንጎ ዛፎች አሉት። አባቴ ያቺን «አብሽር» ሲሰማ ፊቱ ሲፈታ አይቻለሁ። እሱ ቃሏን ከወሎ ይዟት የመጣ ነው፤ አልሃዲ ደግሞ ከአረብኛ ያገኛት ነች። ሁለቱም የቤታቸው ቃል አድርገው ነበር የሚያዩዋት። አልሃዲ እኛን ጥላ ሥር አስቀምጦ ራሱ እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ በእግሩ ሄደና ለወፍጮው የተቀመጠ ናፍጣ ለምኖ ይዞልን መጣ። እስኪመለስ ባለቤቱ እማማ ሐዋ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አቀረበችልን። ባሚያው ይዝለገለጋል፣ ገንፎው ውስጥ የነከሩትን ጣት ተከትሎ ይወጣል። ያን ቀን ሳልወደው በላሁ፤ በኋላ ግን ቤታችን ውስጥ እናቴን ሥሪልኝ የምላት ምግብ ሆነ።

በሚቀጥለው ጉዞ አባቴ አንድ ቢጫ ጀሪካን ናፍጣ ሞልቶ አልሃዲ ቤት አስቀመጠ። መንገዱ ላይ ማደያ የለም፤ ቀስቷም አትናገርም። ስለዚህ ጀሪካኑ እዚያ ይሁን፣ ስናልፍ እየቆምን እንለካለን፣ ካነሰ እንጨምራለን፣ የተጠቀምንበትን ከአሶሳ አምጥተን እንተካለን ተባለ። እንዲህ ተለመደ። ስንሄድ እንቆማለን፣ ስንመለስ እንቆማለን።

መለኪያው አልሃዲ ነበር። እኔ ከኋላ መከላከያው ላይ ቆሜ መኪናዋን ወዲያና ወዲህ አወዛውዛታለሁ፤ እሱ የነዳጁን መሙያ ክዳን ከፍቶ ጆሮውን ይደቅናል።

«ሹሽ» ይለናል፤ እኛ ግን እየተናገርን አልነበረም። ጥቂት ያዳምጥና ቀና ይላል። «አለ። ግን እንደ እኔ ጥርስ ነው ያለው።»

ጥርሱ ጥቂት ነበር። አባቴ በሳቀ ቁጥር አልሃዲ ቀልዱን እንደ አዲስ ያየው ነበር። ከዚያ ጥላ ሥር ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ቀይ የከርከዴ ሻይ ይመጣል። አባቴ ልጅ ሳለ ጥሎት ስለመጣው ተራራ ያወራል። ያን ተራራ ለእናቴም ለእኔም አውርቶ አያውቅም። አልሃዲ ስለ አባቱ፣ በመንጌ ወንዞች ዳር ወርቅ ሲያጥብ ስለኖረው ሰው ያወራል። ስለ ወፎች ያወራሉ፤ ማሽላ ላይ የሚሰፍረውን ወፍ በምን ማባረር እንደሚሻል ተከራክረው አይጨርሱም። እኔ አልናገርም፣ እሰማለሁ።

«ይሄ ልጅ ምላስ የለም» አለ አንድ ቀን አልሃዲ። «ጆሮ ብቻ ነው።»

«ምላሱን ለእናቱ ትቶላት ነው የመጣ» አለ አባቴ።

«ጥሩ ነው። ጆሮ ነዳጅ ይለካል። ምላስ ምን ይለካል?»

በዚህ ዓይነት አንድ ዓመት አልፎ ሌላው ተጋመሰ። የማንጎው ወቅት ሲቃረብ አባቴ «ያን ጌጅ እስቲ እየው፤ እስከ መቼ እየቆምን» አለኝ። ያን ጊዜ እጄ ተፈትቶ ነበር። ሰልባትዮውን አውርጄ ከፈትኩት። ክንዷ መታጠፊያዋ ላይ ዝጋ ከመሃል ቆማለች። በጨርቅና በናፍጣ አጠብኳት፣ ዝገቱን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አነሳሁ፣ የምትነካካበትን ሽቦ አጸዳሁ፣ ከሻንሲው ጋር የሚገናኘውን የመሬት ሽቦ ፈትቼ አዲስ አሰርኩ። ቁልፉን ስናዞር ቀስቷ ተንቀጠቀጠች፣ ወረደች፣ ከባዶው ምልክት ከፍ ብላ ቆመች። አባቴ ትከሻዬን ጨበጥ አድርጎ ለቀቀኝ። ከአሶሳ ማደያ ስንሞላ ቀስቷ ስትወጣ እያየ፣ መንገዱን ከሚያየው በላይ እሷን ሲያይ ዋለ።

በዚያ ጉዞ አልሃዲ ደጅ ስንደርስ ቀስቷ ከግማሽ በላይ ታሳይ ነበር። አባቴ ፍሬኑን ነካ አደረገና ተወው። «ስንመለስ እንቆማለን» አለ። ክላክስ አደረገ። አልሃዲ አጥሩ ዳር ቆሞ ነበር፤ እጁን አነሳ። ስንመለስ ማንጎ ጭነን ነበር። ማንጎ ደግሞ ሙቀት ላይ ከቆመ ከታች ያለው ይፈርጣል፤ ጭማቂው በመኪናዋ ወለል ላይ መንጠባጠብ ከጀመረ ዝንቡ እስከ አሶሳ ይከተላል። አልቆምንም። ክላክስ አደረግን። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ወቅቱ የማንጎ ነው፣ ወደ ጾሬ የስደተኞች ካምፕ የሚመላለሱት የውሃ ቦቴዎች መንገዱን ሞልተውታል፣ ሁሉም ይቸኩላል። ልናየው እንደምንፈልግ እናውቅ ነበር፤ የምንቆምበት ጉዳይ ግን አልነበረንም። ጉዳይ ሳይኖር መኪና ማቆም እንዴት እንደሆነ እንኳ የጠፋን ይመስለኛል።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። ያ ክረምት ደግሞ በሰውና በሰው መካከል ወሬ የገባበት ነበር። ሰፋሪው ስለ አገሬው ተወላጅ፣ ተወላጁ ስለ ሰፋሪው፣ ማን እንዳወራው የማይታወቅ ነገር ገበያ ውስጥ ይሰማል። እኛ ጋ የደረሰ ነገር የለም። ግን በዚያ ሰሞን አንድ ሰው ደጅህን ሳይረግጥ ቢያልፍ ለምን እንዳለፈ ትጠይቃለህ፤ ጥያቄህን ደግሞ ለሌላ ሰው አታወራም። አልሃዲን አጥሩ ዳር ቆሞ ማየታችን ቀረ። ዝናቡ ነው ብለን አሰብን።

ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ አንድ ቀን ከመንጌ የሚመጣ የሕዝብ መኪና ረዳት አሶሳ ባለችው ትንሽ ሱቃችን በር ላይ ቢጫ ጀሪካን አስቀመጠ።

«አልሃዲ ነው የላከው» አለ። «ለአሰፋ ስጥልኝ አለኝ። ሰላም በልልኝም ብሏል።»

«ሌላስ? ሌላ ምን አለ?»

«ሌላ የለም» ብሎ ሄደ።

ጀሪካኑ ታጥቧል። ከክዳኑ ሥር እንዳይፈስ ላስቲክ ተደርጎ ጠብቆ ተዘግቷል። እስከ አንገቱ ድረስ ሙሉ ነው። አባቴ ሱቁ ደፍ ላይ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ አየው። እኛ መንደር ሁለት ጎረቤቶች ሲጣሉ ማንም ከመስማቱ በፊት የሚታወቀው በዕቃ ነው። በውሰት የቆየ ወንፊት፣ ቤት የዋለ መጥረቢያ፣ ሳይጠየቅ በሰው እጅ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ሰላምታ ይቀራል። አባቴ ጀሪካኑን ያየው በዚያ ዓይን ነው።

«ዕቃህን ውሰድ አለኝ» አለ።

«ሂድና ጠይቀው» አለችው እናቴ። «ሰላም በሉልኝ ብሎ የላከ ሰው ነው።»

«የተጣላ ሰውም ሰላም ይላል። እሱ ጨዋ ነው።»

«አሰፋ፣ ሂድና ጠይቀው።»

«ዕቃዬን የመለሰ ሰው ቤት ምን ብዬ እገባለሁ?»

እናቴ ጀሪካኑን አንስታ ሱቁ ጥግ አስገባችው። ከዚያ በኋላ በዚያ ደጅ ስናልፍ አባቴ ክላክስ ማድረጉን ተወ። ፊቱን ግን ወደ አጥሩ ያዞር ነበር፤ ከጎኑ ስለምቀመጥ አየዋለሁ። ተቆጥቶ አልነበረም። ልጅ ሆኖ የተቀጣ ሰው ነበር የሚመስለው።

አዲሱ ማሽላ ማሸት በጀመረበት ሰሞን መንጌ ገበያ ላይ አንድ ጨርቅ ነጋዴ አባቴን ሲያይ ከመደቡ ተነስቶ መጣና ሁለት እጁን ያዘው።

«አላህ ያጽናችሁ» አለው። «ወንድምህ ነበር፣ እናውቃለን።»

አባቴ «ማን?» አለ። ሰውየው ደነገጠ። ዜናውን የነገረ የመጀመሪያው ሰው እሱ መሆኑን አላወቀም ነበር። አልሃዲ ከተቀበረ ጥቂት ቀናት ሆነውት ነበር። እንደ ሕጋቸው ያረፈ ዕለት ነው የቀበሩት።

ጭነታችንን ሳናወርድ ተመለስን። የቀርከሃው አጥር ጋ መኪናዋን አቆመ፤ ከወራት በኋላ መጀመሪያ የቆመው ያን ቀን ነው። ወንዶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ ሲያደርጉ አባቴም መዳፉን ዘረጋ፣ እኔም ዘረጋሁ። እነሱ ፊታቸውን ሲያብሱ እኛም አበስን። ከዚያ እማማ ሐዋ ወደተቀመጠችበት ሄድን።

«አሰፋ፣ መጣህ» አለች። «ጥሩ ነው መጣህ።»

«አልሰማሁም» አለ አባቴ። «እግዜር ያውቃል፣ አልሰማሁም። መታመሙንም አልሰማሁም።»

«ንገሩት አልን። እሱ እምቢ አለ። ‹አሰፋ ሥራ አለ፣ አታስቸግሩ› አለ። ሆዱ ነበር በሽታ። ማንጎ ሲያልቅ ጀመረ።»

አባቴ አንገቱን እንደደፋ «ጀሪካኑን ላከልኝ» አለ። ጥያቄ አልነበረም፤ እሷ ግን እንደ ጥያቄ መለሰችለት።

«ሁሉንም ላከ። የጎረቤት መጥረቢያ አለ፣ ላከ። የመስጊድ ፋኖስ እኛ ቤት አለ፣ ላከ። የእህት ልጅ ምንጣፍ፣ እሱንም። ‹የሰው አማና ይዤ ጌታዬ ፊት አልሄድም› አለ። ያንተ ጀሪካን ትንሽ ጎደለ ነበር፣ ወፍጮ ቤት ልኮ ሞላ። ‹እንደሰጠኝ ነው የምመልስ› አለ። አጥባችሁ ስጡ አለ። እኔ ነኝ ያጠብኩት።»

አባቴ ፊቱን በነጠላው ጠርዝ ሸፈነ። አንድ ሰው ሞቱ ሲቃረብ የሰው አደራ እያነሳ እንደሚመልስ ሰምቶ የማያውቅ ሆኖ አይደለም። ወሎ ውስጥ ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ያደገ ነው። ግን ጀሪካኑ ሱቁ በር ላይ በተቀመጠ ጊዜ ያንን አላሰበም። ተሰናበትኩህ የሚለውን ተጣላሁህ ብሎ አነበበው።

«ተቀይሞኝ ነበር?» አላት በመጨረሻ።

እማማ ሐዋ ጥያቄው የገባት አልመሰለኝም። «ለምን?» አለች። «እዚያ ተኝቶ መኪና ድምፅ ይሰማል። ያንተን ያውቃል፤ ሌላ መኪና ያልፋል፣ ዝም። ያንተ ሲያልፍ፣ ‹አሰፋ አለፈ› ይላል። ‹ደህና ናቸው› ይላል። ከዚያ ይተኛል።»

አባቴ ቀና አለና «ሐዋ፣ እኛ የማንቆመው ጌጁ…» ብሎ ጀመረ። እዚያ ላይ ቆመ። አፉ ተከፍቶ ቀረ። ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እኔም አውቀዋለሁ፤ ጌጁ ስለተሠራ ነው። እውነቱ ያ ነው፤ ቅያሜ የለም፣ ወሬ የለም፣ ቀስቷ ብቻ ነች። ግን ያንን ብሎ ቢጨርስ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ወደዚህ ግቢ ያስገባን የነዳጅ እጦት ነበር ማለቱ ነው። ይቅርታ ሊጠይቅበት የያዘው ምክንያት ከቅያሜ ይከፋ ነበር።

እማማ ሐዋ ጠበቀችው።

«ሥራ በዝቶብን ነው» አለ።

«ሥራ ጥሩ ነው» አለች። «እሱም እንዲህ አለ።»

አባቴ ዛሬ አይነዳም፤ ዓይኑ ደክሟል፤ ፒክአፗም ከተሸጠች ቆየች። ያን ቀን ያልጨረሰውን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልጨረሰውም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም። አልሃዲን ይወደው እንደነበር አልጠራጠርም። ያን ተራራ ለሌላ ሰው አላወራም። ነገር ግን ለመውደዱ ራሱን የቻለ መንገድ አላበጀለትም ነበር፤ በነዳጁ በኩል ነው የሚሄደው፣ ነዳጁ ሲስተካከል መንገዱ ጠፋበት። ይህ በእሱ ብቻ የደረሰ አይመስለኝም። ሰው ማስቸገር አንወድም እያልን፣ ስንቸገር ብቻ የምናውቃቸውን ሰዎች እንዲሁ እናልፋቸዋለን።

የመምህሩን ጌጅ ሠርቼ ሰጠሁት። ሥራዬ ነው፣ በደንብ ነው የሠራሁት። በሳምንቱ ዓርብ የሥራ ቦታዬን ዘግቼ የጓደኛዬን ሞተር ብስክሌት ተዋስኩና በሆሞሻ በኩል ወጣሁ። አባቴን ወዴት እንደምሄድ ነገርኩት። «ሰላም በልልኝ» አለ።

የቀርከሃው አጥር ታድሷል። እማማ ሐዋ አርጅታለች፤ መጀመሪያ አላወቀችኝም። የአሰፋ ልጅ ነኝ ስላት ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ። ከዚያ ከትከሻዬ በላይ ሞተሩን አየች።

«ቆመ?» አለች። «ነዳጅ አለቀ?»

«አላለቀም።»

«ሰው ታመመ?»

«ማንም አልታመመም። አባቴ ሰላም ብሎሻል።»

ራሷን ነቀነቀች። ምንጣፍ አነጠፈችልኝ፣ ሻይ አመጣች፣ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ሻዩ እስኪበርድ ድረስ ለምን እንደመጣሁ እንድነግራት ጠበቀች። የምነግራት አልነበረኝም። ጥላው ወደ አጥሩ እስኪዞር እንዲሁ ተቀመጥን።